ዘሩ የታወቀና ጤናማ ቡችላ ለመምረጥ፦ ከቡችላው በፊት ወላጆቹን ተመልከቱ

ቡችላ ሊወስድ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ፎቶ ያያል፣ ልቡ ይሸፍታል፣ ስለ ጤና የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቡችላው አንዴ እቅፍ ውስጥ ከገባ ደግሞ የሚሰጠው መልስ ሁሉ አሳማኝ ይመስላል። ሰዎች ቡችላ ሲመርጡ አብረን ስንሄድ የምንከተለው ቅደም ተከተል የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ዝርያው በምን በሽታ እንደሚጠቃ ይጠናል፤ ቀጥሎ የእናትና የአባት የምርመራ ውጤት በወረቀት ይታያል፤ ከዚያ እናቲቱ በአካል ትታያለች፤ ቡችላው የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይጥራ፤ የዘር ሐረግ ሰነድ የጤና ሰነድ አይደለም። ሰነዱ የሚናገረው ቡችላው የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነና በየትኛው የውሻ ማኅበር መዝገብ ላይ እንደሰፈረ ነው። ዳሌው የላላ ውሻ ሙሉ የዘር ሰነድ ሊኖረው ይችላል፤ ልቡ የታመመም እንዲሁ። በሐረጉ ላይ «ሻምፒዮን» የሚል ማዕረግ መብዛቱም በመልክና በአቋም ውድድር ማሸነፍን እንጂ የአጥንትን ወይም የዓይንን ጤንነት አያሳይም። ሰነዱ በጣም የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፤ በእናት በኩልና በአባት በኩል አንድ ዓይነት ስም ተደጋግሞ እንደሆነ ያሳያል። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ደካማ ጎን አለው። በጀርመን ሼፐርድ፣ በላብራዶር፣ በጎልደን ሪትሪቨርና በሮትዋይለር ቀድመው የሚጠየቁት የዳሌና የክርን መገጣጠሚያዎች ናቸው። በዶበርማን የልብ ጡንቻ መስፋትና መድከም፣ እንዲሁም ፎን ቪልብራንድ የሚባለው የደም አለመርጋት ችግር ይጠየቃል። በካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ የልብ ቫልቭ፣ በዳልሜሽን መስማት፣ በዳክስሁንድ የጀርባ አጥንት ዲስክ፣ እንደ ቺዋዋና ፖሜራኒያን ባሉ ትናንሽ ዝርያዎች ደግሞ የጉልበት ሎሚ ከቦታው መንሸራተት ነው። በኮሊና በዘመዶቹ ኤምዲአር1 የሚባል የዘረ መል ለውጥ አለ፤ ይህ ያለበት ውሻ እንደ አይቨርሜክቲን ባሉ መድኃኒቶች ሌላ ውሻ በሚችለው መጠን ሊመረዝ ይችላል። የምትፈልጉት ዝርያ ከእነዚህ ውስጥ ከሌለ፣ የዝርያው ማኅበር ለአርቢዎች የሚመክረውን የምርመራ ዝርዝር አግኙና ይዛችሁ ሂዱ። አርቢው የሚለካው በዚያ ዝርዝር ነው።

የዳሌውን ጉዳይ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የጭን አጥንት ክብ ጫፍ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ጥብቅ ብሎ መግጠም አለበት። ካልገጠመ፣ ውሻው በተራመደ ቁጥር አጥንቱ እየተንሸራተተ ልስልሱን አጥንት ይፍቀዋል፤ ውሎ አድሮ የመገጣጠሚያ ብግነት ይሆናል። ሂፕ ዲስፕላሲያ የሚባለው ይህ ነው። የ8 ሳምንት ቡችላ ይህ ችግር ተሸክሞም ይሮጣል፣ ይዘላል፤ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ያላችሁ ማስረጃ የወላጆቹ ራጅ ነው። ራጁ ውሻው በማደንዘዣ ወይም በማስተኛ መድኃኒት በጀርባው ተጋድሞ፣ የኋላ እግሮቹ ተዘርግተው ይነሳል፤ ከዚያ ከአርቢው ጋር ጉዳይ ወደሌላቸው ባለሙያዎች ተልኮ ይነበባል። የአሜሪካው ኦኤፍኤ የተባለው ተቋም የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው፤ «እጅግ ጥሩ»፣ «ጥሩ» እና «ደህና» የሚሉት ሦስቱ ደረጃዎች እንደ ጤናማ ይቆጠራሉ። በብሪታኒያ እያንዳንዱ ዳሌ ከ0 እስከ 53 ነጥብ ይሰጠዋል፤ የሁለቱ ድምር እስከ 106 ይደርሳል፤ ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ዳሌው ይሻላል። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ኤፍሲአይ ደግሞ ከኤ እስከ ኢ በፊደል ይመድባል፤ ኤ እና ቢ ጥሩ ናቸው፣ ሲ ቀለል ያለ ችግር ነው፣ ዲ እና ኢ ለእርባታ አይሆኑም። ክርን ከ0 እስከ 3 ይመደባል፤ የምትፈልጉት 0 ነው።

«ሐኪም አይቷቸው ምንም የላቸውም ብሏል» የሚለው መልስ ምርመራ አይደለም። እጅ ላይ የሚያዝ የምስክር ወረቀት ጠይቁ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ስምና የማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ መለያ) ቁጥር ፊታችሁ ከቆመችው እናት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የሌላ ውሻ ወረቀት ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። የዓይን ምርመራ ከሆነ ቀኑንም ተመልከቱ፤ አንዳንድ የዓይን በሽታዎች ከዕድሜ ጋር ስለሚመጡ ምርመራው በየዓመቱ ይታደሳል። የልብ ምርመራም በተለይ በዶበርማንና በካቫሊየር ላይ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም።

የሁለቱም ወላጆች ዳሌ ጥሩ ቢሆን እንኳ ቡችላው ሙሉ በሙሉ ዋስትና አያገኝም። ችግሩ በብዙ ዘረ መሎች የሚመጣ ነው፤ ምግብና ክብደትም ያባብሱታል። ስለዚህ የአያቶችንና የወላጆቹን ወንድምና እህቶች ውጤት መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ጥሩ ውጤት ያለው ውሻ ከደካማ ቤተሰብ ወጥቶ ከሆነ፣ መላው ቤተሰቡ መካከለኛ ከሆነ ውሻ አይበልጥም።

የዲኤንኤ ምርመራ ከዚህ ይለያል፤ መልሱ ቁርጥ ያለ ነው። ከእናትም ከአባትም ሲወረሱ ብቻ ለሚገለጡ በሽታዎች ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ነጻ፣ ተሸካሚ ወይም ተጠቂ። ተሸካሚ ውሻ ራሱ አይታመምም፤ ግን ያወርሳል። ነጻ ከተሸካሚ ጋር ቢዳቀል ልጆቹ በአማካይ ግማሾቹ ተሸካሚ ይሆናሉ፣ አንዱም አይታመምም። ሁለት ተሸካሚዎች ከተዳቀሉ ግን እያንዳንዱ ቡችላ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። እና «እናቲቱ ተሸካሚ ናት፣ አባቱ ነጻ ነው» ብሎ ወረቀቱን በግልጽ የሚያሳይ አርቢ ከመጣ አትሽሹት፤ እንዲያውም ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው። ተሸካሚን ሁሉ ከእርባታ ማውጣት የዝርያውን የዘር ስብጥር ያጠብባል፤ ያ ደግሞ ሌላ በሽታ ያመጣል።

ወደ ተደጋገሙት ስሞች እንመለስ። ወንድምና እህት፣ ወይም አባትና ልጅ ሲዳቀሉ የዘመድ ርቢው መጠን፣ ማለትም ቡችላው ከአንድ ቅድመ አያት የመጣ አንድ ዓይነት ዘረ መል በእናትም በአባትም በኩል የመውረስ ዕድሉ፣ 25 በመቶ ነው። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት ሲሆኑ 12.5 በመቶ፤ የአጎት ልጆች ሲሆኑ 6.25 በመቶ ይሆናል። ይህ ስሌት የሚቆጥረው በሐረጉ ላይ የሚታዩትን ትውልዶች ነው፤ ሦስት ትውልድ ብቻ የያዘ ወረቀት ዘመድነቱን አሳንሶ ያሳያል። ቢያንስ አምስት ትውልድ ጠይቁ። የብሪታኒያው የውሻ ማኅበር ኬኔል ክለብ ከእናትና ልጅ፣ ከአባትና ልጅ ወይም ከወንድምና እህት የተወለዱ ቡችሎችን መመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2009 አቁሟል። ከአንዲት እናት ከ4 ወሊድ በላይም አይመዘግብም፤ 8 ዓመት ከሞላት በኋላ የወለደቻቸውንም እንዲሁ። እነዚህ ሕጎች የትም ሆናችሁ እንደ መለኪያ ይጠቅማሉ። እናቲቱ ስንት ጊዜ ወለደች? ዕድሜዋ ስንት ነው? ስንቱ በቀዶ ጥገና ነበር? ዳሌዋ ከ24 ወር በኋላ ከተነበበ የመጀመሪያ ወሊዷ ከዚያ በፊት መሆን አልነበረበትም፤ ቀኖቹን ማስተያየት ብቻ ብዙ ይናገራል።

አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ዝርያዎችን፣ ማለትም ፐግን፣ ፍሬንች ቡልዶግንና ቡልዶግን ለሚፈልጉ በግልጽ መናገር ይሻላል። ብዙዎቹ በደንብ አይተነፍሱም። ማንኮራፋታቸው የዝርያው ጠባይ ነው ይባላል፤ የአየር መተላለፊያ መጥበብ ነው። በኬኔል ክለብና በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የአተነፋፈስ ምርመራ አለ፤ ውሻው ለሦስት ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ተደርጎ ከዚያ በፊትና በኋላ ሲተነፍስ በማዳመጫ ይሰማል፤ ደረጃው ከ0 እስከ 3 ነው። ወላጆቹ 0 ወይም 1 ካልሆኑ አትውሰዱ። የአፍንጫ ቀዳዳቸው እንደ ስንጥቅ ቀጭን መስመር ከሆነ ወረቀቱን ማየትም አያስፈልግም።

«ብርቅዬ ቀለም» እና «የስኒ ውሻ» የሚሉ ማስታወቂያዎችንም እለፉ። መርል የሚባለው ዝንጉርጉር ቀለም ያላቸው ሁለት ውሾች ሲዳቀሉ ከቡችሎቹ በአማካይ ሩቡ ዘረ መሉን ከሁለቱም ይወርሳሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ደንቆሮ ወይም ዓይነ ስውር ይሆናሉ። ከልክ በላይ ያነሰ ቡችላ ደግሞ አንድ ማዕድ ሲያልፈው ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

አርቢውን በስልክ ስታነጋግሩ የሚጠይቃችሁን ልብ በሉ። ደህና አርቢ ከእናንተ በላይ ይጠይቃል፤ ውሻው ቀን ከማን ጋር ይውላል፣ ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ ወይ፣ ምን ሆነ፣ ልጆች አሉ ወይ፣ ግቢው ታጥሯል ወይ። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ንቀት ያየዋል፤ ቡችላው የት እንደሚያድር የሚያስጨንቀው ሰው መሆኑን ነው የሚያሳየው። ሁልጊዜ ቡችላ ያለው፣ አራት አምስት ዝርያ የሚያረባ፣ መንገድ ላይ እንገናኝ የሚል፣ ቡችላውን ሳታዩ ቀብድ የሚጠይቅ፣ «እናቲቱ ዘመድ ቤት ሄዳለች» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በጨዋ ደንብ አመስግናችሁ ስልኩን ዝጉ። አባትየው እቤት አለመኖሩ ግን ችግር የለውም፤ ጥሩ አርቢ ብዙ ጊዜ ለእናቲቱ የሚስማማውን ወንድ ከሌላ ቦታ ይፈልጋል። የአባትየውን ወረቀት ግን መያዝ አለበት። ከመዳቀላቸው በፊት ሁለቱም ለብሩሴላ መመርመራቸውንም ጠይቁ፤ በሽታው ጽንስ ያስወርዳል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

ሁለት አርቢ በአንድ ቀን አትጎብኙ። ቡችላን በከባድ ተቅማጥና ትውከት የሚገድለው ፓርቮ ቫይረስ በጫማና በልብስ ይሄዳል፤ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል። ጫማችሁን አውልቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ ያላችሁን አርቢ አክብሩት። ቡችሎቹ ገና ከመወለዳቸው እንግዳ የሚያስገባው ነው አጠያያቂው።

እናቲቱን ስታዩ ጡቷ የተንጠለጠለና ጸጉሯ የሳሳ ቢሆን አትደንግጡ፤ ያጠባች ውሻ ናት። የምትመለከቱት ጠባይዋን ነው። እንግዳ ሲገባ ለአፍታ ብትጮህና ቀርባ ካሸተተች በኋላ ብትረጋጋ ጥሩ ነው። ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ ወይም አርቢው ራሱ ሊይዛት የሚፈራት ከሆነች ተመለሱ፤ ፍርሃት በዘርም በአስተዳደግም ወደ ልጆች ይሄዳል። ቡችሎቹ የሚኖሩበትን ቦታ ተመልከቱ። ከቤተሰቡ ጋር፣ የሰው ድምፅ በሚሰማበት ቦታ ቢያድጉ ይመረጣል። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ውሻ ዓለምን የሚለምድበት ነው፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉ የሚያልፈው በአርቢው እጅ ነው። ጓዳ ውስጥ ተዘግቶ ያደገ ቡችላ እናንተ ጋ ሲመጣ ብዙ አምልጦታል።

የክብደት መዝገብ እንዲያሳያችሁም ጠይቁ። ጠንቃቃ አርቢ ቡችሎቹን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ይመዝናል፤ ጤናማ ቡችላ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የትውልድ ክብደቱን እጥፍ ያደርሳል። ይህን ደብተር የሚያወጣ አርቢ ብዙ ሌላ ነገርም በትክክል የሚሠራ ነው።

አሁን ቡችላው። መጀመሪያ ሳትነኩት ሲሄድ እዩት፤ ሳያነክስ፣ የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ሳያነሳ ይሂድ። ከዚያ አቅፋችሁ ከራሱ ጀምሩ። ዓይኑ ንጹህ፣ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ያልታጠፈ ይሁን። ከሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳ ምንም አይውረድ። ጆሮው ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቆሻሻ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የጆሮ ቅንቅን ነው፤ ይድናል፣ ግን የአያያዙን ደረጃ ይነግራችኋል። አፉን ክፈቱና ላንቃው ያልተሰነጠቀ መሆኑን እዩ። ድዱን በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ነጭ ይሆንና ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዱ ከመጀመሪያውም የነጣ ከሆነ በቁንጫ ወይም በትል ምክንያት ደም አንሶት ሊሆን ይችላል።

ቁንጫውን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ነጭ ለስላሳ ወረቀት በውኃ አርጥቡ፣ የጭራውን ሥር ጸጉር በላዩ ላይ በጣታችሁ ፈተግ ፈተግ አድርጉት። የሚረግፈው ጥቁር ፍርፋሪ ወረቀቱ ላይ ቆይቶ ወደ ቀይ ቡናማ ከተዘረጋ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ የቡችላው ደም ነው። አፈር ከሆነ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ሆዱን ዳስሱ። ከበላ በኋላ ሞላ ቢል ያለ ነው፤ ጎድን አጥንቱ እየታየ ሆዱ ከተነፋ ግን ብዙውን ጊዜ ትል አለ። እትብቱ ላይ ለስላሳ እብጠት ካለ ሄርኒያ ነው፣ ማለትም በሆድ ግድግዳ ቀዳዳ በኩል የወጣ እብጠት፤ የጣት ጫፍ የማታህል ከሆነች ብዙ ጊዜ ትዘጋለች፤ ትልቅ ከሆነች በቀዶ ጥገና ትዘጋለች። ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች በ8ኛው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ወርደው ይገኛሉ፤ እስከ 6 ወር ካልወረዱ በዘር የሚመጣ ጉድለት ነው። ከጭራው በታች ጸጉሩ በተቅማጥ የተጣበቀ አይሁን። የአንዱን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ቡችሎች ሰገራ ተመልከቱ፤ አንዱ ካስመለሰ ወይም ካስቀመጠው፣ የሌሎቹ ጤንነት የጥቂት ቀን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ፓርቮ ከተያዘ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ድረስ ምልክት ሳያሳይ ይቆያል።

የሆድ ትል ከእናት በጽንስም በወተትም ስለሚተላለፍ፣ ቡችላው ንጹህ ቦታ መወለዱ ብቻ አያድነውም። መድኃኒቱ የሚጀመረው በ2ኛው ሳምንት ነው፤ እስከ 8ኛው ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ይሰጣል። የመድኃኒቱ ስምና የተሰጠበት ቀን ተጽፎ ይሰጣችሁ። ክትባትን በተመለከተ «ጨርሷል» የሚል አርቢ የ8 ሳምንት ቡችላ ይዞ ከሆነ ተሳስቷል ወይም እያሳሳተ ነው። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ያከሽፍበታል፤ መከላከያው መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የዲስተምፐር፣ የፓርቮና የተላላፊ ሄፓታይተስ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚደገመው፣ የመጨረሻውም 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በአብዛኛው ከ12 ሳምንት ጀምሮ ነው።

ከቡችሎቹ የትኛው? ቀድሞ ሮጦ የመጣው «መረጠኝ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሁሉ ደፋሩና ጉልበተኛው እሱ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ለሚያሳድግ ሰው አይመችም። ጥግ የያዘውን በአዘኔታ መውሰድም ከባድ ኃላፊነት ነው። ወለል ላይ ተቀመጡና ዝም በሉ፤ ቀስ ብሎ መጥቶ አሽትቶ የሚቆየውን ልብ በሉት። የቁልፍ ዘለላ ከኋላው ወለል ላይ ጣሉ። መደንገጡ ችግር የለውም፤ ከደነገጠ በኋላ ዞሮ ምን እንደሆነ ሊያይ ከመጣ ጥሩ ነው። ተደብቆ ከቀረ ጥርጣሬ ይግባችሁ። በልቶ የተኛን ቡችላ «ረጋ ያለ» እንዳትሉት ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት ሂዱ። ከሁሉ በላይ ግን ቡችሎቹን ከተወለዱ ጀምሮ ያያቸው አርቢው ነው፤ ስለ ቤታችሁ እውነቱን ንገሩትና የእሱን አስተያየት ስሙ። በዳልሜሽን ማጨብጨብ አይበቃም፤ በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ቡችላ ዞሮ ያያችኋል፣ ሁለቱም የማይሰሙትም ወንድሞቹን ተከትሎ ይሮጣል። ከ5 ሳምንት ገደማ ጀምሮ የሚደረገውን የአንጎል ምላሽ የመስማት ምርመራ ወረቀት ጠይቁ።

ከ8 ሳምንት በፊት አትውሰዱ፤ ትናንሾቹ ዝርያዎች እስከ 10 ወይም 12 ሳምንት ቢቆዩ ይሻላል። ንክሻውን መቆጣጠር የሚማረው ወንድሞቹን ሲነክስ ሲጮሁበትና ጨዋታ ሲያቆሙበት ነው። ስትረከቡ የዘር ሰነዱ፣ የክትባት ደብተሩ፣ የወላጆቹ ምርመራ ቅጂና ውሉ አብረው ይምጡ። ባለ 15 አኃዙ የማይክሮቺፕ ቁጥር እዚያው በማንበቢያ ተነቦ ከሰነዱ ጋር ይመሳከር። በውሉ ላይ በጣም የምንፈልገው ዓረፍተ ነገር ውሻውን ማሳደግ ካልቻላችሁ በማንኛውም ዕድሜው አርቢው መልሶ እንደሚቀበለው የሚለው ነው። የሚበላውን ምግብ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ይዛችሁ ውጡ፤ ምግብ መቀየር ካስፈለገ ከ7 እስከ 10 ቀን እያደባለቃችሁ ቀይሩ። ለትልቅ ዝርያ ካልሲየም አትጨምሩለት፤ ቡችላ ትርፉን ማስወገድ ስለማይችል አጥንቱን ያበላሽበታል።

ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከሰገራው ናሙና ጋር፣ ራሳችሁ ወደመረጣችሁት የእንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ቀለል ያለ የልብ ሹክሹክታ (ከልብ ምቱ ጋር የሚሰማ ተጨማሪ ድምፅ) ከተሰማ ያ ብቻውን መመለሻ ምክንያት አይደለም፤ ደረጃው 1 ወይም 2 የሆነ በ4 ወይም በ5 ወር ሊጠፋ ይችላል፤ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ካልጠፋ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ያገኘውን ሁሉ በጽሑፍ ተቀበሉና፣ ውሉ ላይ ለመመለስ የተቀመጠው ቀን ሳያልፍ፣ ለአርቢው ላኩ። ቡችላውን ለማስቀረት ብትወስኑም ላኩለት፤ ያንኑ እናትና አባት ደግሞ ማዳቀል አለማዳቀሉን የሚወስነው በዚህ መረጃ ነው።